ዳገቱስ አለ

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ይሄ ቁጥር የጂኦግራፊ ፈተና ላይ «ወይና ደጋ» የሚለውን ለማክበብ ካልሆነ በቀር ለምንም የሚጠቅም አይመስልም። እስቲ አጠገቡ ሌላ ቁጥር እናስቀምጥ፤ 1,700 ሜትር። «የኦስትሪያ መካከለኛ ከፍታ ጥናት 2000» በተባለ ምርምር ሐኪሞች ወገባቸው የሰፋ፣ የደም ግፊታቸውና ስኳራቸው ከልክ ያለፈ 22 ወንዶችን ይዘው ኦበርታወርን ወደምትባል የተራራ መንደር ወጡ። መንደሯ ያለችው 1,700 ሜትር ላይ ነው። ሦስት ሳምንት በእግር አስጓዟቸው። ሰዎቹ ክብደት ቀነሱ፣ የደም ግፊታቸውም ወረደ።

እኔን የገረመኝ ውጤቱ ሳይሆን ከፍታው ነው። ባኬ ጃማ የሚኖሩት የአባቴ እህት፣ እኛ ቤት «አዳዳ» የምንላቸው፣ እነዚያ ኦስትሪያውያን ለሦስት ሳምንት ከወጡበት ተራራ 400 ሜትር ከፍ ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረዋል። በዚህ ሒሳብ የደም ሥራቸው እንደ ልጅ የደም ሥር መሆን ነበረበት። ግን አይደለም። 63 ዓመታቸው ነው፣ ወፍረዋል፣ ጠዋት ጠዋት የግፊት ክኒን ይውጣሉ። ዓምና ግራ እጃቸው ለግማሽ ሰዓት ያህል አልታዘዝ ብሏቸው የቡና ስኒ ከእጃቸው ወደቀ። ጎረቤት «ምች ነው» አለ። ሲለኩ ግፊታቸው 190 በ110 ነበር።

ታዲያ ከፍታው ምን ሠራ? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

መንገድ እግር በነበረበት ዘመን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወለጋ ሀብት የሚንቀሳቀሰው በእግር ነበር። ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ማር ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ወደ ደቡብ ይመጣል። ሲራራ ነጋዴው ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ተነስቶ የዓባይን ሸለቆ ይወርዳል፣ ውኃውን ይሻገራል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣና ጉድሩ፣ አሰንዳቦ ገበያ ይገባል። መውረዱ ብቻ ከሺህ ሜትር በላይ ነው፤ መውጣቱም እንደዚያው። ጭነቱን አህያና በቅሎ ይሸከማሉ፣ ነጋዴው ግን ከኋላቸው በእግሩ ነው።

የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች የተነሱት ይሄ ንግድ በሚያልፍበት ምድር ላይ ነው። በከሬ ጎዳና ጀመሩት፣ ልጃቸው ሞሮዳ በከሬ አጠናከሩት። ሞሮዳ በ1882 ለምኒልክ ጦር አዛዥ ለራስ ጎበና ያለ ጦርነት ገብተው ግዛታቸውን አቆዩ፤ ከ1889 በኋላ ደግሞ ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ ገዙ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የዚያ ዘመን ነው። ወደዚያ ግቢ የገባ ግብር፣ ማርም ይሁን ወርቅ፣ ዳገት ሳይወጣ የገባ የለም ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ምግቡም ለዚህ ኑሮ የተሰፋ ነበር። በቅቤ የተጠበሰው ቡና ቀላ፣ በቅቤ የታሸው ጩኮ፣ አንጮቴው፣ ሁሉም ኃይል ሰጪ ነው። ጩኮ ለመንገደኛ ስንቅ የሚሆነው በትንሹ ብዙ ስለሚያቆይ ነው። ያን ሁሉ ቅቤ የሚበላው ሰው ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣው ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ግን «የድሮ ሰው ጤነኛ ነበር» ወደሚለው ዘፈን እንዳንገባ። ቆላው ወባ ነበረበት፣ ወሊድ እናት ይገድል ነበር፣ ብዙ ሰው ለደም ግፊት የሚያበቃ ዕድሜ ላይ አይደርስም። ደግሞ ማን ለክቶት? ክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚነፋውን የግፊት መለኪያ ጣልያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ-ሮቺ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1896 ነው። አዎ፣ በአድዋው ዓመት። ከዚያ በፊት የነበረ የወለጋ ነጋዴ ግፊቱ ስንት እንደነበር ሊነግረን የሚችል መሣሪያ አልነበረም።

ከፍታ ብቻውን ከስትሮክ እንደማያድን ደግሞ የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። አፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተማ የቆረቆሩ፣ ኋላም አዲስ አበባ ላይ የኖሩ የደጋ ንጉሥ ነበሩ። በ1909 የመታቸው ስትሮክ አንደበታቸውንና ሰውነታቸውን ይዞባቸው በ1913 አረፉ። የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የነበሩት ራስ ተሰማ ናደውም በ1911 በዚያው ዓይነት ሕመም ሞቱ። አገሪቱ በከፍተኛው ወንበሯ ላይ ሁለት ሰው በተከታታይ ያጣችው በደም ሥር ሕመም ነው፣ ያውም ከ2,300 ሜትር በላይ።

የሙኒኩ ሐኪም ዳገት

ሞሮዳ ነቀምቴ ላይ ሳሉ፣ በ1880ዎቹ፣ ሙኒክ ውስጥ ማክስ ዮሴፍ ኤርቴል የሚባል ሐኪም አንድ ለጊዜው እብደት የመሰለ ነገር ይሰብክ ነበር። በዚያን ጊዜ ልቡ ለደከመ ወፍራም ሰው የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነበር፤ ተኛ፣ አትነቃነቅ። ደብሊን ላይ ዊሊያም ስቶክስ በ1854 ባሳተመው የልብ ሕመም መጽሐፍ «ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ የእግር ጉዞ ይጠቅማል» ብሎ ነበር፣ ብዙ ሰው ግን ጆሮ አልሰጠውም።

ኤርቴል አንድ እርምጃ ጨመረ። ሜዳ ላይ መንሸራሸር አይበቃም፣ ሕመምተኛው ተራራ ይውጣ አለ። ግን በልክ። ምግቡና የሚጠጣው ፈሳሽ ይመጠናል፣ መንገዶቹ በዳገታቸው መጠን በደረጃ ይከፈላሉ፣ ምልክት ይደረግባቸዋል፣ በየመሀሉ ማረፊያ መቀመጫ ይኖራል። ሰውየው ከቀላሉ ጀምሮ በየሳምንቱ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህን ሕክምና «ቴሬንኩር» ብሎ ጠራው፣ በመልክዓ ምድር መታከም እንደ ማለት። በደቡብ ቲሮል እንደ ሜራን ያሉ ከተሞች ሐሳቡን ተቀብለው መንገድ ጠረጉ፣ ወንበር ተከሉ፣ እንግዳ ጠሩ። ከቪየናና ከበርሊን ባለ ገንዘቦች እየመጡ በካርታ እየተመሩ ዳገት ይወጡ ጀመር።

በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓለም፣ የአውሮፓ ከበርቴ ዳገት ለመውጣት ይከፍላል፤ የወለጋ ሲራራ ነጋዴ ደግሞ ዳገት ስለወጣ ይከፈለዋል። ልዩነቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ኤርቴል የገባው አንድ ነገር ነበር፤ ኑሮ ዳገትን ከሰው ሕይወት ሲያወጣው በሐኪም ትእዛዝ መልሶ ማስገባት ያስፈልጋል። እኛ ጋ ያ ቀን ገና አልደረሰም ነበር።

ደማችን ምን ያውቃል?

አሁን «እኛ የደጋ ሰዎች ደማችን ልዩ ነው» የሚለውን ወሬ እንየው።

ነቀምቴ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ የትም 21 ከመቶ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ግን ከባሕር ጠለል ጋር ሲወዳደር በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ ሰው ልቡ ፈጥኖ ይመታል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊቱም ሊጨምር ይችላል። ከጋምቤላ የሚመጡ አዛውንት ወይም ከሚኒያፖሊስ ለሠርግ የሚመጡ አጎት በደረሱ ማግስት ኮምቶ ተራራ ካልወጣን ቢሉ «ትንሽ ይቆዩ እንጂ» ማለት ይሉኝታ ማጣት አይደለም።

ነዋሪውስ? በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሰሜን ኢትዮጵያ ደገኞችን መርምረው ዓለምን ያስገረመ ውጤት አወጡ። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ነዋሪ ደሙ በቀይ የደም ሴል ይወፍራል፤ የኛዎቹ ግን ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ዜናው እውነት ነው። ለነቀምቴ ሰው መመኪያ ማድረግ ግን ይከብዳል። እነዚህ ጥናቶች «ከፍተኛ ቦታ» የሚሉት በአብዛኛው ከ2,500 ሜትር በላይ ያለውን ነው፤ እኛ ከመስመሩ በታች ነን። ሌላው ቢቀር ኦክስጅንን በደንብ የሚሸከም ደም ማለት ግፊቱ የማይጨምር ደም ማለት አይደለም።

መመኪያው የመጣው ከሌላ ቦታ ይመስለኛል፤ ከሜክሲኮ። የ1968ቱ ኦሎምፒክ 2,240 ሜትር ላይ ነበር፣ ከነቀምቴ ትንሽ ከፍ ይላል። የባሕር ጠለል ሯጮች ረጅም ርቀት ላይ አየር አጥሯቸው ሲንገዳገዱ ማሞ ወልዴ በ10,000 ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ ወሰደ። አበበ ቢቂላ በጉዳት ማራቶኑን አቋርጦ በወጣበት ቀን ማለት ነው። ማሞ ያኔ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1972 ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ደግሞ ነሐስ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ዓለም ከፍታን እንደ ጸበል ፈለገው፣ እኛም «ከፍታ ላይ መወለድ በቂ ነው» ብለን አመንን። ማሞ ግን የተወለደው ብቻ አልነበረም፤ ሮጧል። የቲቪው ፊት ቁጭ ብሎ ወርቅ የቆጠረው ሰፊው ሕዝብ የማሞን ከፍታ እንጂ የማሞን እግር አልተካፈለም።

እግሩ የቀረው መቼ ነው?

ጣልያን በአምስቱ ዓመት ከሠራቸው መንገዶች አንዱ አዲስ አበባን ከለቀምት ጋር ያገናኘው ነው። ከዚያ ወዲህ ጭነት በመኪና ሆነ። የከተማው ውስጥ ዳገት ግን ገና ለእግር ነበር። አዳዳ ወጣት ሳሉ ቡና በጭንቅላታቸው ተሸክመው ገበያ ይወጡ ነበር፤ «ሶርጋ ድረስ ሄጄ ለምሳ እመለሳለሁ» ሲሉ እንደ ጉራ ሳይሆን እንደ ተራ ወሬ ነው።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ባጃጅን መሳደብ ይቀላል፣ እኔ ግን አልሰድበውም፤ ነፍሰ ጡር ሆስፒታል አድርሷል፣ ስንቱን ወጣት እንጀራ አብልቷል። ያደረገው ነገር ቢኖር ዳገትን በሳንቲም መሸጥ ነው። ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ባጃጅ፣ ለእድር ባጃጅ፣ ለለቅሶ ባጃጅ። ቅቤው ግን በቦታው ቀረ፣ የታሸገው ዘይት ተጨመረበት፣ ጨውም አልቀነሰም። በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ወደ 16 ከመቶ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። አማካዩ ሰው በቀን 8.3 ግራም ጨው ይበላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው።

መቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ለንደን ጎራ እንበል። በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም የባለ ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አወዳደረ። አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ከተማ፣ ተቀራራቢ ኑሮ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ትኬት ቆራጩ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። ለንደን እኮ ሜዳ ናት። ልዩነቱን ያመጣው የአውቶቡስ ደረጃ ነው።

በአንጻሩ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ሥራ ከ259 እስከ 1,960 ሜትር የሚኖሩ ሰዎችን ሲያነጻጽሩ፣ በየሺህ ሜትሩ በልብ የደም ሥር ሕመም መሞት 22 ከመቶ፣ በስትሮክ መሞት 12 ከመቶ እየቀነሰ ሄዶ አገኙት። በ2010 ደግሞ ጀርመኖች 20 በጣም ወፍራም ወንዶችን 2,650 ሜትር ላይ አንድ ሳምንት አሳደሯቸው፤ የተለየ ስፖርት ሳይሠሩ የምግብ ፍላጎታቸው ቀነሰ፣ ክብደታቸው ቀነሰ፣ የታችኛው ግፊታቸውም ወረደ። ስለዚህ ከፍታ ራሱ ምንም አይሠራም ማለት አይቻልም። ግን ልብ በሉ፤ ጀርመኖቹ ለከፍታው እንግዳ ነበሩ፣ ሰውነታቸው ደንግጧል። የአዳዳ ሰውነት ከልጅነት ጀምሮ ለምዶታል፣ አይደነግጥም። ለእሳቸው የቀረው ትርፍ የኤርቴል ትርፍ ነው፤ ዳገቱ።

ዳገት ሲወጣ የባት ጡንቻ እየጨመቀ ደሙን ወደ ልብ ይመልሳል። የደም ሥር በሚፈሰው ደም ብዛት ይፍታታል፣ ከርሞም ለመፍታታት ይቀለዋል። ሜዳ ላይ ለዚያ ድካም መሮጥ ያስፈልጋል፤ የ63 ዓመት ወፍራም ሴት ደግሞ አትሮጥም። ዳገት ላይ ግን ቀስ ብሎ መራመድ ይበቃል። መውረዱም ከንቱ አይደለም፤ ኦስትሪያ ውስጥ አንዱን ወገን በእግር አስወጥተው በኬብል መኪና ሲያወርዱ፣ ሌላውን በኬብል አስወጥተው በእግር ሲያወርዱ፣ መውጣቱ የደም ስብን፣ መውረዱ የስኳር አያያዝን አሻሽሏል። ገበያ በእግር ደርሶ መልስ ማለት ሁለቱንም ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ግን ቁልቁለቱ ይከብዳልና ዱላ ቢይዝ አያፍርም።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል፤ ይሄ ሁሉ ክኒኑን አይተካም። 190 በ110 ይዞ ዳገት መጀመር አይገባም፣ መጀመሪያ ግፊቱ በመድኃኒት ይውረድ። ደረት ቢያፍን፣ እግር ቢያብጥ፣ ማውራት እስኪያቅት ትንፋሽ ቢያጥር ቆም ብሎ መመርመር ነው። የኤርቴልም ትልቁ ትምህርት «ውጣ» ሳይሆን «በልክ ውጣ» የሚለው ነው።

ማን ይሂድ፣ የት ይሂድ?

ሐኪሙ ለአዳዳ ያዘዘላቸው ቀላል ነው፤ ክኒኑን አያቋርጡ፣ ጨው ይቀንሱ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ሁለቱን ያዙ። ሦስተኛው ላይ «ወዴት ልሂድ?» አሉኝ። ሰበብ እንዳይመስላችሁ። ባኬ በኦሮምኛ ሜዳ፣ ገላጣ ቦታ ማለት ነው፤ የሰፈሩ ስም ራሱ መራመጃ ይመስላል። ዛሬ ግን ዋናው መንገድ ዳር ሸቀጥ ተዘርግቷል፣ ቦዩ ክፍት ነው፣ ባጃጁ ትከሻ ይነካል። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ኮምቶ መሄድ ደግሞ፣ ወለጋ ባለፉት ዓመታት ያየችውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ሰው ልቡ ሳይፈራ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ሌላም አለ። ሸክም ሳይኖራት፣ ገበያ ሳትሄድ፣ ዝም ብላ የምትራመድ አሮጊት ሰው ያያታል። «ምን ጠፍቶባቸው ነው?» ይባላል።

በታኅሣሥ 2018 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ጎዳናዎች በወር አንድ እሑድ ለመኪና ተዘግተው ነበር የተጀመሩት። ሐሳቡ የአዳዳን ሁለት ችግር በአንዴ ይፈታል፤ ባጃጁን ያስቆማል፣ ለመራመድም ሰበብ ይሰጣል። ሁሉ ሲሄድ ማንም አይጠይቅም። ግን በወር አንድ ቀን ለደም ሥር ትንሽ ነው።

እስካሁን ያገኘነው መፍትሔ ትንሽና የራሳችን ነው። የአዳዳ እድር ሴቶች አራት ሆነው ማልደው ይወጣሉ። አራት ሴት አብራ ስትሄድ ወሬው «ለቅሶ ሊደርሱ ነው» ይሆናል፣ ማንም አያስቆማቸውም። በጠፍጣፋው ጀምረው አሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ በሚወስደው ዳገት ይወጣሉ። ባለፈው ወር ሲለኩ 148 በ90 ነበር። በክኒኑ ነው ወይስ በዳገቱ? ሐኪሙ «በሁለቱም» ብሏል፣ እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቅም።

ቅሬታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ዳገቱ መሀል ላይ ማረፊያ የለም። አንዷ ሲደክማት የሱቅ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች፣ ባለሱቁ «ምን ልስጥዎ?» ይላል፣ አፍራ ትነሳለች። ሜራን ከ130 ዓመት በላይ በፊት ይሄን ጥያቄ በእንጨት ወንበር መልሳዋለች። ነቀምቴ ሜራን የሌላትን ከፍታ በነጻ አግኝታለች። ወንበር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ብንኖርም በራሱ አይበቅልም፤ የሚተክለው ሰው፣ የሚያስበው ማዘጋጃ ቤት ያስፈልገዋል።